ነጥብ አሥራ ሰባት ውሃ እስኪጠጣ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። የደወለችው እኔን የተካችው ባለሙያ ሰላማዊት ናት። ሆሳዕና ካለው የአፈር ላቦራቶሪያችን ስሰናበት ቁልፉን፣ መዝገቡንና የተፋሰሱን ካርታ ያስረከብኩት ለእሷ ነው። ሰላምታውን አሳጥራ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ካርታውን ወደ ኮምፒውተር እያስገባች ነው። ነጥቦቹ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ቀለም የለውም። ከጎኑ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት።

"ጋሼ፣ ነጥብ አሥራ ሰባት ላይ የተለካው በምንድን ነው? መለኪያው አልተጻፈም፤ ሲስተሙ ደግሞ ባዶ አይቀበልም" አለችኝ።

መለኪያው ጸሎት ነው ብላት፣ ሰውዬው ጡረታው አልተስማማውም ልትል ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ላስረዳሽ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ይኸው ጽሑፉ። ሁለት መስመር ይበቃው ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ረጅም ሪፖርት ሲጽፍ ከኖረ ሰው አጭር መልስ የጠበቀ ተሳስቷል።

የወንዟን ስም አልጽፍም። የዳርቻዋ ሽንኩርት ዛሬም ገበያ ይወጣል፤ በእኔ ጥፋት የተነሳ ማንም የሰዎቹን አትክልት በጥርጣሬ እንዲያይ አልፈልግም።

ያደግሁት ከሞርሲቶ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከብት በሚወደድበት ቤት ነው። አባቴ የልጆቹን የልደት ወር ያምታታ ነበር፤ ላሞቹ የወለዱበትን ቀን ግን አይስትም። ሥራ የጀመርኩት በጊምቢቹ በኩል የልማት ሠራተኛ ሆኜ ነው። እርከን አሠርቻለሁ፣ ችግኝ ቆጥሬያለሁ፣ የቆጠርኩትን ችግኝ ፍየል ሲበላው አይቼ እንደገና ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ወደ ሀደሮ ተዛወርኩ። ሀደሮ የዝንጅብል አገር ስለሆነ ልብሴ ሁሉ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸት ነበር። የዚያ መሥሪያ ቤት አለቃችን ሪፖርት ካልወፈረ ሥራ የተሠራ የማይመስለው ደግ ሰው ነበር፤ እሱ ጋ መጻፍ እንጂ መለካት አልተማርኩም። መለካትን የተማርኩት ሆሳዕና ተመድቤ ከጋሽ ተፈራ እጅ ስወድቅ ነው።

የጋሽ ተፈራ ወላጆች በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚያው ሆሳዕና የቀሩ ናቸው። እሱ የከተማው ልጅ ነው። ሀዲይኛ ሲናገር አማርኛው ከሥሩ ስለሚሰማ ገበሬዎቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቅና ይቀጥላል። ጨርቅ ኮፍያው ከራሱ የማይወርድ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን መስክ ልንወጣ ስንል የጠየቀኝ ስሜን አልነበረም።

"እርሳስ ይዘሃል?" አለኝ።

ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁ። አየት አድርጎኝ ከራሱ ኪስ እርሳስ ሰጠኝ። የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ወረቀቱ ረጥቦም ይነበባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት መስክ ስንወጣ አንድም ቀን ያንን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ አልቀረም። መያዜን እያወቀም ይጠይቀኛል።

ውሃ ሲቀዳ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ከዳር አይቀዳም። ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ መሃል ይገባል፣ ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ ያዞራል፣ ጠርሙሱን በዚያው በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ ያጥባል። ትናንት የታጠበ ጠርሙስ የትናንት ሳሙና አለበት ይላል። ከሞላ በኋላ አየር እንዳይቀር ክዳኑን ውሃ ውስጥ እንዳለ ያጠብቀዋል። ምልክቱን በክር አንገቱ ላይ ያስራል፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከላይ ምን አለ፣ ከታች ምን አለ።

ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት ግን ሰው ይጠይቃል። የትኛው ማሳ ውሃ ቶሎ ይጠጣል? የትኛው እምቢ ይላል? ከብቶቹ ለመጠጣት የት ይሄዳሉ? መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ወሬ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ማሽኑ የዛሬን ውሃ ነው የሚነግረን፤ ሰውየው የአባቱንም ዘመን ይጨምርልናል ይለኝ ነበር።

ከሁሉም የምወድለት የጣሳውን ነገር ነው። ላዩም ታቹም የተቆረጠ አሮጌ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ከቦርሳው አይለይም። ማሳ መሃል ተንበርክኮ ጣሳውን መሬት ውስጥ ትንሽ ቀበር ያደርጋል፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ አባታችን ሆይን ይጸልያል። ጤነኛ አፈር ጸሎቱ ሳያልቅ ውሃውን ይጠጣል። የታመመ አፈር ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ያስጸልያል። "ሰዓት አስረሃል አይደል?" ብለው፣ ሰዓት የያዘ ሰው ሰዓቱን ያያል፣ የሚጸልይ ሰው አፈሩን ያያል ብሎ መለሰልኝ።

እኔ የወንጌላውያን ቤት ልጅ ነኝ። ጸሎቱ አንድ ነው፤ አካሄዳችን ግን ለየቅል ነበር። እኔ እሮጣለሁ፣ እሱ ይጎትታል። አንድ ቀን እኔ ሁለት ያልኩትን ማሳ እሱ አንድ አለው። ተቆጥቶ ሳይሆን እንደ ባለሙያ አሰበበትና፣ መሣሪያዎቻችን አይናበቡም፣ እናስተካክላቸው አለ። ላቦራቶሪው በረንዳ ላይ ቆመን ድምፃችን አንድ ላይ አሜን እስኪል ድረስ ደጋግመን ጸለይን። ያዩን የጽዳት ሠራተኞች ታላቅ ጉባኤ የመጣ መስሏቸው ነበር።

የተፋሰሱ ጥናት የመጣው እሱ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። መስኖ በየወንዙ እየተስፋፋ ነበር። የእኛ ድርሻ ከወንዙ ላይ እስከ ታች ነጥብ እየያዝን ውሃውን መለካትና የትኛው ውሃ የትኛውን አፈር ሊጎዳ እንደሚችል በካርታ ማሳየት ነው። ዋናው ፍራቻችን ሶዲየም ነበር። ተራ ጨው ከሆነ በቂ ውሃ ያጥበዋል። ሶዲየም ግን የአፈሩን ቅንጣቶች አያይዞ የሚያቆመውን ኃይል ያላላና ያፈራርሳቸዋል፤ ዝናብ ሲመታቸው ልመው ላዩ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ውሃ ብታፈስበት ከላይ ይቆማል እንጂ ሥር ጋ አይደርስም።

ሥራው እያለቀ ሳለ ጋሽ ተፈራ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ብቻዬን ያዝኩ። አሥራ ስድስትን ከመኪና መንገዱ ድልድይ ሥር ቀዳሁ። አሥራ ሰባት ከዚያ በጣም ርቆ፣ ወደ ታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከመኪና መንገዱ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። ቀዳሁት፣ አሰርኩት፣ ተመለስኩ። ሞተር ሳይክሉ ጀርባ ላይ ጭኜው ሆሳዕና ስደርስ ክዳኑ ላልቶ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

ካርታው የሚቀርብበት ስብሰባ በሁለተኛው ቀን ነበር፤ የሆሳዕናው አለቃችንም በየሰዓቱ ብቅ ይላል። ተመልሼ መሄድ እችል ነበር፤ ይህን ማንም እንዳይከራከረኝ። ያልሄድኩት በዓይኔ ባየሁት ነገር ተማምኜ ነው። እዚያ እጥፋት ላይ ከብቶቹ የላይኛውን ጥርት ያለ ውሃ አልፈው፣ እየተጋፉ ወርደው ሲጠጡ አይቻለሁ። ከዳሩ ትንሽ ምንጭ ትገባለች፤ ገና ሲደርሱ ወደ እሷ ነው የሚሮጡት። እኛ ቤት ከብት መርጦ የጠጣው ውሃ ይመረቃል። አባቴ ለእንዲህ ያለ ውሃ ላሞቹን ግማሽ ቀን ይነዳ ነበር፤ ወተቱ ይወፍራል፣ ጠጉሩ ያበራል። ይህንን ያህል የተወደደ ውሃ ምን ክፉ ነገር ይኖርበታል ብዬ፣ የአሥራ ስድስትን ቁጥር ለአሥራ ሰባት ሰጠሁት። አረንጓዴም ቀባሁት።

ጋሽ ተፈራ ከብቶቹ የት እንደሚጠጡ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ለምስጋና ይመስለኝ ነበር። ከብት የሚሮጥለት ውሃ ማዕድን የበዛበት ሆራ ስለሆነ፣ ለመጠንቀቅ ነበር የሚጠይቀው።

እጥፋቱ ላይ መሬት ያላቸው አቶ ሎምበቦና ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች ናቸው። የመስኖ ቦይ ሲመጣ ሎምበቦ አመነታ። መሬቱን ለአትክልት ለማዋል እንሰቱን መንቀል ነበረበት፤ ታደለች ደግሞ በፍጹም አለች። እንሰቱን የተከለችው፣ የኮተኮተችው፣ ያዛወረችው እሷ ናት። ለማስረዳት የሄድኩት እኔ ራሴ ነኝ። በራሳቸው ቋንቋ፣ ካርታውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የእናንተ ውሃ አረንጓዴ ነው አልኳቸው። ታደለች ካርታውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። እንሰቱ ተነቀለ።

በመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርቱ ሰው አስገረመ። በሁለተኛው ከክረምት በኋላ ማሳው ላይ ቅርፊት ወጣ። በሦስተኛው ችግኙ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ይቀር ጀመር፤ ቦዩ የሚያመጣው ውሃም ማሳው ላይ ተኝቶ ይውላል።

አንድ ቀን ጠዋት ሎምበቦ ፌስታል ይዞ ላቦራቶሪያችን መጣ። ጋሽ ተፈራ ከሕክምና ከተመለሰ ቆይቷል። ሎምበቦ አልተቆጣም፣ ድምፁንም አላነሳም። ከፌስታሉ ድንጋይ የመሰለ ጓል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ይህ የእኔ መሬት ነው አለ። ጋሽ ተፈራ ከጓሉ ትንሽ ቆርሶ የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለው። ሳንነካው፣ ሳናማስለው፣ ውሃው እያየነው እንደ ወተት ነጣ፤ ሶዲየም የበላው አፈር እንዲህ ነው የሚፈራርሰው።

ወደ እኔ አልዞረም። ሳጥኑን ከፍቶ የመስክ ደብተሬን አወጣና አሥራ ሰባት ያለበትን ገጽ ገለጠ። ቦታው በእርሳስ ተጽፏል፣ ሰዓቱ ተጽፏል፣ ምንጯ እንኳ ተጽፋለች። የላቦራቶሪው የጨው ልኬት የሚጻፍበት ግን ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ አየው። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ሎምበቦ ሲወጣ ጋሽ ተፈራ በሩን ዘጋ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ካርታው ላይ የእኔም ፊርማ አለበት። ደብተሩን ሳላይ ነው የፈረምኩት። ነገ ሁለታችንም እንወርዳለን፤ የምትናገረው ግን አንተ ነህ፤ ወይዘሮዋ በደንብ በምትሰማው ቋንቋ" አለኝ።

የሁለት ሰዓቱን መንገድ በእግር ወረድን። ከሕመሙ ወዲህ ጤናው ደካማ ነበር፤ ሦስት ቦታ ተቀምጦ አረፈ። ማሳው መሃል ጣሳውን ቀበረ፣ ውሃውን ጨመረ፣ ከሎምበቦና ከታደለች ጋር አራታችንም ቆምን። አንድ ጸለይን። ሁለት። ሦስት። አምስተኛው ላይ አሜን ስንል ውሃው እንደ ፊተኛው ሰማዩን እያሳየ ተቀምጧል። ጋሽ ተፈራ ኮፍያውን መለሰና በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ተናገርኩ። ጠርሙሱ መፍሰሱን፣ አለመመለሴን፣ የሌላ ውሃ ቁጥር መስጠቴን፣ ከብቶቹን፣ ሁሉንም በሀዲይኛ ተናገርኩ። ሎምበቦ መሬት መሬት ያያል። ታደለች እስክጨርስ ጠበቀችና በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ጋሽ ተፈራም እንዲሰማ ይመስለኛል።

"የነቀልኩት እንሰት ስንት ዓመቱ እንደነበር ካርታህ ላይ አለ?"

የለም አልኳት።

"ስድስት ዓመቱ ነበር። ጻፈው።"

ደብተሩን ገና ስገልጥ ጋሽ ተፈራ ተቀብሎኝ በራሱ እርሳስ ጻፈው። አሥራ ሰባት፣ እንሰት፣ ስድስት ዓመት። ሰላማዊት፣ ያ ገጽ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ያው የእሱ ጽሕፈት ነው።

ያን ዕለት ከምንጯ በታች እንደገና ቀዳን፤ እሱ ከላይ ሆኖ እያየኝ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ውሃውን በእሳት በሚለካው መሣሪያ ስናሳልፈው ነበልባሉ ደማቅ ብርቱካናማ ሆነ። የሶዲየም ቀለም ነው። አረንጓዴውን ከካርታው ላይ በምላጭ ፋቅሁት። ቀይ ልቀባው ስል ጋሽ ተፈራ ከለከለኝ። ቀይ ብለን ትተነው አንሄድም፤ እስኪድን ድረስ በእርሳስ ይቆይ አለ። አለቃችን ጋ ገብቶም የሆነውን ሁሉ ራሱ ተናገረ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የሚገባኝም ነበር።

የማዳኑን ሥራ የመራችው ታደለች ናት ብል አልዋሽም። እኛ ምክሩን ሰጠን፤ የመስኖው ውሃ ከምንጯ በላይ እንዲጠለፍ፣ በሰው ዘንድ ጀሶ የሚባለው የጂፕሰም ዱቄት ማሳው ላይ እንዲበተን፣ ፍግ እንዲበዛ፣ ከዚያ በጥሩ ውሃ ደጋግሞ እንዲታጠብ። አዲሱን ቦይ የሰፈሩ ሰው በደቦ ቆፈረው፤ እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ አካፋ ይዤ እወርድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ የቢሮ ሰው አካፋ ሲይዝ እያዩ ይዝናኑ ነበር፤ በኋላ ለመዱኝ። ምንጯን ለከብቶቹ ተውናት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ገንዳ ተሠራላትና ዛሬም እየተጋፉ ይጠጡባታል። ታደለች በማሳው ዳር ፍግ እየደፋች አዲስ እንሰት ተከለች። በዚያ ላይ ማንንም አላማከረችም።

ጋሽ ተፈራ በቀጣዩ ዓመት ጡረታ ወጣ። ጣሳውን ለእኔ ሰጠኝ። እግሩ እየከዳው ስለሄደ ከዚያ ወዲያ ወደ እጥፋቱ አልወረደም። በየዓመቱ በበጋ ለክቼ ስመለስ ቤቱ እሄዳለሁ፤ ገና በሩ ላይ ሳለሁ "ስንት?" ይለኛል። አምስት። በሚቀጥለው ዓመት ያው አምስት፤ ያን ዕለት ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ እሱ ግን ሥር ከላይ ሳይታይ ነው የሚሠራው ብሎ አጽናናኝ። ከዚያ አራት። ሦስት። እንደገና ሦስት። ጡረታዬ ሲቃረብ ሁለት። ሲስተሙ ያልተቀበላቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው።

የስልክሽ ዕለት ሁለት ላይ እንደቆመ ትዝ አለኝ። የዘንድሮውን የሚለካ ሰው የለም፤ ቁልፉን አስረክቤያለሁ፣ ጣሳው ግን የግሌ ነው። ባለፈው ሳምንት ወረድኩ። የሁለት ሰዓቱ መንገድ አሁን ሦስት ሰዓት ይወስድብኛል።

ሎምበቦ አቅፎ ሳመኝ። ታደለች ከማሳው ዳር ጠራችኝ። እንሰቱ ከራሳችን በላይ ሆኗል፤ ቅጠሉን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ ይሄኛውም ስድስት ሞላው፣ ጻፈው አለችኝ። ጻፍኩት። ከዚያ ጣሳውን ቀበርኩ፣ ሎምበቦ ውሃውን ጨመረ፣ ሦስታችን አንድ ላይ ጸሎቱን ጀመርን። በጋሽ ተፈራ አካሄድ ነበር፣ ቀስ ብለን። የዕለት እንጀራ የሚለመንበት ቦታ ላይ ስንደርስ የታደለች ድምፅ ተቋረጠ። ዓይኔን ወደ ታች ጣልኩ። ጣሳው ውስጥ እርጥብ አፈር ብቻ ነበር። ማናችንም አልቀጠልንም። ታደለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ጋሽ ተፈራ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል።

"ስንት?" አለኝ።

"አልጨረስነውም። እንጀራው ላይ ስንደርስ ጠጣው" አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀና እኛ ካቆምንበት፣ ከእንጀራው ጀምሮ ጸሎቱን ቀጠለ። ከእንጀራው ቀጥሎ የሚመጣው ይቅርታው ነው። እዚያ ሲደርስ እጄን ያዘኝ፤ አሜን እስኪል ድረስም አለቀቀኝም። ኮፍያውን መልሶ ካጠለቀ በኋላ አየኝና፣

"እርሳስ ይዘሃል?" አለ።